ክረምት ሲወጣ ወዴት? ጡረታ ለወጡ ባልና ሚስት፣ ከባሕር ዳር ሳይርቁ

ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ለባሕር ዳር ሰው ከቤት መውጫ ወቅት ነው። ዝናቡ ያባራል፣ ጭቃው ይጠነክራል፣ ጣና ግጥም ብሎ ይሞላል፣ ሜዳው አደይ አበባ ይለብሳል። ጡረታ የወጣ ሰው ደግሞ ቅዳሜና እሑድን መጠበቅ የለበትም። ሰው ሁሉ ሥራ በገባበት ማክሰኞ ጠዋት ጀልባ መሳፈር ይችላል።

ችግሩ ሁሉም ነገር በአንዴ መምጣቱ ነው። እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የልጅ ልጅ ክርስትና አለ፣ ማኅበር አለ። ጢስ ዓባይ የሚያምረው አሁን ነው። ገዳም መሳለም አለ። "ዘንድሮ እንኳ ጉናን እንየው" የሚል የከረመ ሐሳብም አለ። የጡረታ ገንዘብም ጉልበትም ለሁሉም አይበቃም።

እኔና ባለቤቴ የምንመርጠው አንድ ነገር ጠይቀን ነው፤ ሁለታችንም አብረን እስከ መጨረሻው የምንደርስበት የቱ ነው? አንዱ ወጥቶ ሌላው ታች ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ከሆነ ያን ቦታ እንተወዋለን። ከዚህ በታች ያለውንም ያወዳደርኩት በዚሁ መለኪያ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው አካባቢ ያለ ሰው ጋ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ካለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሣ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። "ባለፈው ሳምንት ሰው ሄዶ ነበር" የሚል ወሬ አይበቃም። የዚያን ቀን ጠዋት ደውሉ።

በዛዊት፣ ጢስ ዓባይ ወይስ ጉና?

ለእግር ጉዞ ከተማ ውስጥ ካሉት ሁሉ እኔ የምመርጠው በዛዊትን ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ መንገድ ሲጀምር ከኮረብታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ይታያል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለውም እዚያው ነው። ረጋ ባለ ቀን ወንዙ ውስጥ የጉማሬ ጀርባ ብቅ ሲል ማየት ይቻላል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታችሁ ፀሐይ ሳይበረታ መመለስ ነው።

ጉልበት ለሚያመው ሰው አንድ ነገር ልንገር። ብዙ ሰው በባጃጅ ወጥቶ በእግሩ ይወርዳል፤ ቁልቁለት ይቀላል ብሎ ያስባል። ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ቀስ እያላችሁ፣ እያረፋችሁ በእግር ውጡ፣ መውረጃውን ባጃጅ ያዙ። ዳገት ጨርሶ የማይሆንላችሁ ከሆነ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለላችሁ። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፊና ለጥ ያለ ነው። ወዲያና ወዲህ ሁለት ጊዜ ብትመላለሱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ሆነ ማለት ነው።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እዚያ ለመሄድ መቼ የሚለው ከሁሉም ይበልጣል። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ይፈለጋል፤ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1950ዎቹ፣ ሁለተኛው በ1990ዎቹ ነው የተሠራው። የበለስ ማመንጫም ውኃውን የሚወስደው ከጣና ነው። ስለዚህ በበጋ የሄደ ሰው ገደሉን አይቶ ሊመለስ ይችላል። በመስከረም ግን ጣና ሞልቶ ስለሚተርፈው ፏፏቴው ስሙን ያገኘበትን ጢስ ያጨሳል። ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው የሚወርደው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብትሄዱ ጥሩ ነው። ኅዳር ይሁን ካላችሁ የዚያን ሰሞን ያየ ሰው ጠይቁ።

ፏፏቴው ጋ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአላታ ድልድይ በኩል ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው ድልድይ እስከ ዛሬ ሰውና ከብት ያሻግራል። ከድልድዩ በኋላ ዳገት አለ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ሥራ ፈላጊ ልጆችም ይከተሏችኋል። ከፏፏቴው በላይ በጀልባ መሻገር ደግሞ ሌላው መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ነው፣ ጭቃ ግን አይጠፋም። ባለቤቴ የአላታን ድልድይ ሳያይ መመለስ አይወድም። ስለዚህ በድልድዩ ሄደን በጀልባ እንመለሳለን፤ ጉልበታችሁ እንደኛ ለሆነ ሁሉ የምመክረውም ይህን ነው። አካባቢው ላይ ያለው ተንጠልጣይ ድልድይ ስትራመዱ ስለሚወዛወዝ ራስ የሚያዞረው ሰው ቢተወው ይሻላል። ፏፏቴው ፊት ስትቆሙ ጢሱ ነጠላችሁን ያርሰዋል፤ ትርፍ ነጠላ መያዝ ነው። ዱላ ተከራይታችሁም ቢሆን ሳትይዙ አትውረዱ።

ጉናስ? ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ነው ያለችው። በአንድ ጠዋት ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ መውጣት ለወጣትም ራስ ምታት ነው፤ ደም ግፊት ወይም ልብ ላለበት ሰውማ ሐኪም ሳያማክር የሚሞከር አይደለም። ውኃ የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት። የግድ ካላችሁ ደብረ ታቦር አንድ ሌሊት እደሩ። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሰውነት ይለምዳል። በማግስቱ መኪና እስከሚደርስበት ሄዳችሁ ጅባራው መሀል ትንሽ ተራምዳችሁ ተመለሱ። ጫፉ ላይ መድረስ ግዴታ አይደለም። ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ተነሥተው ጣና እንደሚገቡ ማሰብ ብቻ ለእኔ ደስታ ነው፤ ደጃችን ካለው ውኃ ከፊሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ወሩ ኅዳር ይሁን፤ በመስከረም ተራራው ገና ጭቃና ጉም ነው። ጋቢ በኅዳርም አይረሳም።

ሰሜን ተራሮች ለብቻው ጉዞ ነው፤ ጎንደርን አልፎ ደባርቅ ማደር ይጠይቃል። ጥቅሙ መኪና ከፍ ያለው ቦታ ድረስ መውጣቱ ነው፤ የጭላዳ መንጋ መንገድ ዳር ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ለዚህ ግን ሳምንት መያዝና የልጆችን እርዳታ ማግኘት ያስፈልጋል።

የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው፤ በዛዊት በየሳምንቱ፣ ጢስ ዓባይ በመስከረም አንድ ጊዜ፣ ጉና ደግሞ በዛዊትን ሁለት ወር ያለማቋረጥ ለወጡ ብቻ።

በዓሉስ? ልጆች ይምጡ ወይስ እኛ እንሂድ?

ልጆቻችሁ አዲስ አበባ ከሆኑ ለእንቁጣጣሽ እነሱ ይምጡ፣ ለመስቀል እናንተ ሂዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በእንቁጣጣሽ የልጅ ልጆች ትምህርት ገና አልጀመሩም፤ ከጳጉሜን ጀምረው አያቶቻቸው ጋ መክረም ይችላሉ። መስቀል ሲደርስ ግን ትምህርት ተከፍቷል። ለአንድ ቀን በዓል ልጅ ጭኖ መምጣት ለወላጅ ድካም ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ስለሆነ እናንተ ብትሄዱ ይሻላል፤ ውዱን ቲኬት የምትገዙትም ለሁለት ሰው ብቻ ነው።

በጎጃም በኩል ያደጋችሁ ከሆነ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ የእንግጫ ነቀላን ታውቁታላችሁ። ልጃገረዶች ሜዳ ወርደው እንግጫ ነቅለው፣ ጎንጉነው ያመጣሉ። አዲስ አበባ የተወለደች የልጅ ልጅ ይህን ከቴሌቪዥን ሳይሆን ከአያቷ እጅ ብታየው ምንኛ መልካም ነው። ሜዳ መውረድ ባይቻል እንኳ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አጎነጓጎኑን ማሳየት ይቻላል።

መስቀልን የትውልድ ቀያችሁ ልታከብሩ ካሰባችሁ ደመራው መቼ እንደሚለኮስ ቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ቦታ መስከረም 16 ማታ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ 17 ንጋት ላይ ነው። ንጋት ከሆነ ማደር አለ ማለት ነው። ማደር ካለ ደግሞ አጎበር ያዙ። በጣና ዙሪያ ወባ የሚበረታው ልክ በዚህ ወቅት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትቀመጡ፣ በዚያው ቀን ተመርመሩ።

አሁን ደግሞ ሰው የማያነሣውን ላንሣ። በዓል ቤት ሲደረግ ድካሙ የማን ነው? ጠላው ጥንስሱ ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀመራል። የዶሮው ሽንኩርት አለ፣ ዳቦው አለ፣ ቤት መጥረግ አለ፣ ቄጤማ መጎዝጎዝ አለ። ልጆች ሲመጡ ሁሉም ተሰናድቶ ይጠብቃቸዋል፣ እናት ግን ወገቧን ይዛ ነው የምትቀበላቸው። 65 ዓመት የሞላት ሴት እንደ 40 ዓመቷ ልትደግስ አይገባም። እኛ ቤት ጠላው ከሰፈር ሰው ይገዛል። ሽንኩርቱን ባለቤቴና ልጆቹ ናቸው የሚከትፉት። ዶሮዋን እኔ እሠራለሁ፤ እሷን ለማንም አልሰጥም። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ግን በዓሉ ልጅ ቤት ቢሆን ይሻላል እላለሁ።

ክርስትናና ሌላ የቤተሰብ ድግስ ሲኖር የጾሙን አቆጣጠር ቀድሞ ማየት ነው። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይጾማል። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ወጣቶቹ ላይጾሙት ይችላሉ፣ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ግን ብዙው ይይዘዋል። ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ስለዚህ ሥጋ የሚቀርብበት ድግስ ከሆነ ሁለት ክፍተት ነው ያላችሁ፤ ከመስከረም 1 እስከ 25፣ ወይም ከኅዳር 6 እስከ 14፣ ረቡዕና ዓርብን ሳይጨምር። ኅዳር 12 ሚካኤል በሁለተኛው ክፍተት መሀል ይውላል፤ ሚካኤልን የምትዘክሩ ከሆነ የቤተሰቡን ስብሰባ ከዝክሩ ጋር ብታገናኙት ሁለት ድግስ ከመደገስ ትድናላችሁ። ክርስትና ግን ቀኑ አይመረጥም፤ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው። በጽጌ ላይ ከወደቀ የጾም ማዕዱን አሳምሮ ማቅረብ ነው።

የጣና ገዳማት፦ አብሮ የሚገባበት የቱ ነው?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብዙ ባልና ሚስት ጀልባ ከተከራዩ በኋላ ነው የሚነገራቸው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ዳጋ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም ያረፈበት ትልቅ ገዳም ነው። ለባል ድንቅ ነው፤ ሚስት ግን ረጅም ሰዓት በጀልባ ተጉዛ ወደቡ ላይ ትቀራለች። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፣ እናከብረዋለን። እንደ ባልና ሚስት ጉዞ ግን አልመክረውም።

ክብራን ቅርብ ስለሆነ መላ አለው። አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ አለ፤ መነኮሳይያት የሚኖሩበት፣ ወንድም ሴትም የሚገባበት ደሴት ነው። ጀልባው ባልን ክብራን አውርዶ ሚስትን እንጦስ ያደርሳል፣ በኋላ ይሰበስባል። እኛም እንዲህ አድርገናል። እሱ ስለ ክብራን አሥራ ሁለት ዓምዶች ሲያወራልኝ፣ እኔ እማሆይ የነገሩኝን ነገርኩት። ጥሩ ቀን ነበር። ቢሆንም የተለያየንበት ቀን ነው።

ደብረ ማርያም ከሁሉም ይቀርባል፣ በጀልባ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አጠገብ ነው። ሁለቱም ይገባሉ፣ ዳገት የለም ማለት ይቻላል። ከዘራ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ከባድ ሕመም ላይ ከርሞ የተነሣ ሰው ቢኖራችሁ መጀመሪያ እዚህ ውሰዱት።

ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ያሠራችው ነው። ሁለቱም ይገባሉ፣ ውበቱም ሌላ ነው። ግን መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የጀልባው መቀመጫ ለወገብ አይመችም፣ መጸዳጃ የለም፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ማዕበል ያነሣል። ስኳር ወይም ፕሮስቴት ያለበት ሰው እዚህ ላይ ደጋግሞ ያስብ።

የእኔ ምርጫ ዘጌ ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በመኪናም መግባት ይቻላል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ ሁሉም እዚያው ናቸው፤ ሁለቱም ይገባሉ። ከወደቡ እስከ ዑራ ያለው መንገድ ለመካከለኛ ጉልበት ግማሽ ሰዓት ነው። ጥላ ነው፣ ፀሐይ አያገኛችሁም። ግራና ቀኝ ቡና ነው፣ ጌሾ ነው። በአባቶች ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡ በበሬ ሳያርስ በቡናና በጌሾ እንዲኖር ስላደረጉ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል። መንገዱ ላይ የዛፍ ሥር እንደ ደረጃ ተጋድሟል፤ ዓይን ከእግር አይለይ። አንዳንዱ ቤት ደጃፍ ላይ ቡና በሰሌን ተሰጥቷል። ሽማግሌ አያቶች ሳይቀሩ ወንበር አውጥተው "ኑ ቡና ጠጡ" ይላሉ።

ዑራ ስትደርሱ ጫማ ማውለቅ ነው። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ዓይን እስኪለምድ ትንሽ ቆሙ። መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አባ በረጅም ዘንግ መጋረጃውን ገለጥ እያደረጉ ያስረዳሉ። እኔ ሁልጊዜ የማቆመው በላዔ ሰብእ ጋ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው በልቶ፣ ለአንድ ለተጠማ ችግረኛ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ የሰጠው ሰው። ሚዛኑ ላይ ያቺ ጥርኝ ውኃ ስትደፋ እመቤታችን ጥላዋን ጣል አድርጋለታለች። በልጅነቴ እናቴ የነገረችኝን ታሪክ በዚህ ዕድሜዬ በቀለም ሳየው እንባዬ ይመጣል። ባለቤቴ ደግሞ ዕቃ ቤቱ ጋ ነው የሚቆየው፣ ዘውዶቹና ብራናዎቹ ጋ። ሁለታችንም የየራሳችንን አይተን፣ አንድ ቦታ እንገናኛለን።

ዘጌ ለመሄድ ጥቅምት ይሻላል። መስከረም ላይ መንገዱ ገና ያዳልጣል፣ ለገናና ለጥምቀት ደግሞ እንግዳ ይበዛል። ማኅሌተ ጽጌ ደግሞ በጥቅምት ሁሉ ቅዳሜ ማታ ለእሑድ አጥቢያ ይቆማል። ለዚህ ዘጌ ማደር አያስፈልግም፤ ከተማችን ውስጥ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ይቆሙታል። ሌሊቱን ሙሉ መቆም ካልቻላችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወዲህ ሂዱ። ጋቢ ደርቡ፤ ካህናቱ ጽናጽሉን ሲያነሡ ብርዱም ይረሳል።

ምሽቱን ለሚወዱ

ዘፈንና ጭፈራ ካማራችሁ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ዝግጅት ሲኖረው ከአዝማሪ ቤት ይሻላል እላለሁ። መቀመጫው ምቹ ነው፣ በጊዜ ያልቃል፣ እስክስታውን የሚያወርዱት በሙያው ያደጉ ናቸው። አዝማሪ ቤት ሞቅ የሚለው ማታ ዘግይቶ ነው። ግን አዝማሪው ሁለታችሁን አይቶ፣ ስማችሁን ጠይቆ የሚገጥምላችሁ ግጥም ማዕከል ውስጥ አይገኝም። በጊዜ ገብቶ በጊዜ መውጣት ከተቻለ አንድ ምሽት ይገባዋል። የምሽት እንቅስቃሴ ገደብ ካለ ግን በቀን አሳ ጥብስ በልቶ ሐይቁ ዳር መቀመጥም ያው መዝናኛ ነው።

ጀልባ ስትይዙ

ጀልባ የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ። ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ከምትይዙ ሌላ ጥንድ ጨምሩ፤ አራት ሆናችሁ ስትሄዱ ዋጋው ግማሽ ነው፣ መንገዱም ጨዋታ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ዋጋውን፣ የት የት እንደሚያቆምና ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ ተነጋገሩ። የገዳም መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ከዚህ ውጪ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ተነሡ። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ውኃው ጀልባው ውስጥ ይረጫል። ስትወርዱ የሹፌሩን ረዳት እጅ ያዙ፣ ወደ ውኃው ግን እግራችሁን አታስገቡ፤ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። መድኃኒታችሁን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። የሕይወት አድን ጃኬት ለሁለታችሁም መኖሩን ካላያችሁ ሌላ ጀልባ ፈልጉ፤ ወደቡ ላይ ሞልቷል።